ውሃ ማጣራት ወታደርነት ነው ወይ? (የአንባቢያን ጥያቄና መልስ)

ሰላም ናችሁ? በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አንዱን ሦስቴ አነበብኩት። ከደሴ ነው የመጣው። መልሱ ረዘም ስለሚል ከእሱ ጋር የሚሄዱ ሌሎች ሦስት ጥያቄዎችን አብሬ አቀረብኩ። የቀሩት ለሚቀጥለው ወር ይቆዩን።

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም። የምጽፈው ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ነው። እኔ እናገራለሁ፣ የልጅ ልጄ ትጽፋለች። ልጄ አሜሪካ፣ ሲያትል ነው የምትኖረው። በሥራ ቀን አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ትሠራለች። አምና ወታደር ሆንኩ አለችኝ። ክው አልኩ። «አይዞሽ እማ፣ ሪዘርቭ ነኝ። በወር ሁለት ቀን ብቻ ነው። ሥራዬም ውሃ ማጣራት ነው» አለችኝ። ክፍሏን ሳስቴይንመንት ኮማንድ ትለዋለች። ጎረቤቶቼ ደግሞ ውሃ የሚያጣራ ወታደር አይተን አናውቅም፣ ደብቃሽ ነው ይሉኛል። ሐሙስ ሐሙስ ቡናዬን አፍልቼ ዱዓ አደርግላታለሁ። ግን ከምን እንዲጠብቅልኝ እንደምለምን አላውቅም። እውነቱን ንገሩኝ።

መልስ፦ ወአለይኩም ሰላም እናቴ። ልጅዎ አልዋሸችዎትም። ያለችው ሁሉ ያለ ነገር ነው።

ሪዘርቭ ማለት ተጠባባቂ ጦር ነው። ተጠባባቂው እንደማንኛውም ሰው ሥራውን ይሠራል፣ ቤቱ ያድራል። በወር አንድ ቅዳሜና እሁድ ዩኒፎርሙን ለብሶ ክፍሉ ይገኛል። በዓመት ደግሞ ሌላ ሁለት ሳምንት ያህል ይሠለጥናል። መንግሥት ሲጠራው ግን ሥራውን ትቶ ይዘምታል። የጥሪው ጊዜ ወራት ሊሆን ይችላል፣ ዓመትም ሊሆን ይችላል። ሲመለስ አሠሪው የቀድሞ ሥራውን እንዲመልስለት የሚያስገድድ ሕግ አላቸው።

ሳስቴይንመንት ኮማንድ የሚባለው ደግሞ በእኛ አፍ ስንቅና ትጥቅ ነው። ጦሩን ማብላት፣ ማጠጣት፣ ማልበስ፣ ነዳጅ መቅዳት፣ ጥይት ማድረስ፣ የተበላሸ መኪና መጠገን፣ የሞተን ወታደር አስከሬን በክብር ወደ ቤተሰቡ መመለስ። ይህ ሁሉ በአንድ አዛዥ ሥር ሲሆን ነው ኮማንድ የሚባለው። ከላይ ሜጀር ጄኔራል የሚያዘው ትልቅ ኮማንድ አለ፤ አንድ ሙሉ የጦርነት ቀጠና የሚመግበው እሱ ነው። ከሥሩ በብርጋዴር ጄኔራል የሚመሩ፣ ታዘው የሚዘምቱ ኮማንዶች አሉ። ከዚያ በኮሎኔል የሚመራ ብርጌድ ይመጣል፣ ከዚያ ሻለቃ፣ ከዚያ ሻምበል። ልጅዎ ያለችው ከታች፣ እጅ ሥራ የሚነካበት ቦታ ላይ ነው።

ሲያትል ስለሆነች ክፍሏ 364ኛው ሊሆን ይችላል፤ ጠይቀው ያረጋግጡ። የ364ኛው ዋና መምሪያ ከሲያትል በስተ ሰሜን ሜሪስቪል በምትባል ከተማ ነው። የበላዩ 79ኛው ኮማንድ ካሊፎርኒያ፣ ሎስ አላሚቶስ ነው። ይህ 79ኛ ዛሬ ስንቅ ይምራ እንጂ ስሙን የወረሰው በሁለቱም የዓለም ጦርነቶች ፈረንሳይ ላይ ከተዋጋ እግረኛ ክፍለ ጦር ነው። ባለ ሁለት አግዳሚ መስቀሉን አርማ ዛሬም የ79ኛው ሰዎች ክንዳቸው ላይ ያደርጉታል።

አሁን ወደ ውሃው። ማሽኑ በመኪና የሚጎተት ነው። ቱቦው ወንዝ ወይም ባሕር ውስጥ ይገባል፣ ፓምፑ ይስባል፣ ውሃው በወንፊት ያልፍና በከፍተኛ ግፊት እጅግ ቀጭን በሆነ ሽፋን ውስጥ ይገፋል። ጨውም ጀርምም ከወዲያ ይቀራል። በወታደሩ ዘንድ ትልቅ የሚባለው ዓይነት ከወንዝ ሲስብ በሰዓት 3,000 ጋሎን ያወጣል። ይህ ከ11,000 ሊትር በላይ ነው። በእኛ ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ቢቆጠር በሰዓት ከ560 ጀሪካን ያልፋል። ከባሕር ሲሆን ይቀንሳል። እርስዎ የቧንቧ ወረፋ ያውቃሉ፤ 560 ጀሪካን ምን ያህል ሰልፍ እንደሆነ ለእርስዎ አልነግርም። ሙያው የራሱ ሥልጠና አለው፣ ቨርጂኒያ በሚገኘው የስንቅና አቅርቦት ትምህርት ቤታቸው ነው የሚሰጠው።

እውነቱን ንገሩኝ ስላሉ ግን ሌላውንም እነግርዎታለሁ። ብደብቅዎ ደስ አይለኝም።

ግሪንስበርግ የምትባል የፔንሲልቫኒያ ትንሽ ከተማ አለች። እዚያ 14ኛው ኳርተርማስተር የሚባል የተጠባባቂ ክፍል ነበር። ሰዎቹ 69 ነበሩ። ሥራቸው እንደ ልጅዎ ውሃ ማጣራት ነበር። በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ጊዜ ተጠሩና ሳውዲ ገቡ። ዳህራን የደረሱ በ6ኛው ቀን፣ የካቲት 18 ቀን 1983፣ ማታ፣ ኢራቅ የተኮሰችው ስከድ ሚሳኤል ያረፉበትን አዳራሽ መታው። አዳራሹ መጋዘን ነበር፣ ለማደሪያ የተዘጋጀ። በጠቅላላው 28 ወታደሮች ሞቱ። 13ቱ ከዚያች የውሃ ክፍል ነበሩ። ከዚያው ክፍል ሌላ 43 ቆሰሉ። ማሽናቸውን ገና በወጉ ሳይተክሉ ነው። ከሞቱት መካከል ሴቶችም ነበሩ። እኛ እዚህ ግንቦት 1983 ሳይመጣ የራሳችን ጭንቅ ላይ ስለነበርን ወሬውን ብዙዎቻችን ሰምተን ያለፍነው በሬዲዮ ነው። ግሪንስበርግ ግን መታሰቢያ ሐውልት አቁማላቸዋለች።

ይህን የምነግርዎ ላስፈራዎ አይደለም። ብዙዎቹ ተጠባባቂዎች ውላቸውን ጨርሰው በሰላም ይወጣሉ። ነገር ግን ጎረቤቶችዎ «ውሃ የሚያጣራ ወታደር የለም» ሲሉ ዝም አይበሉ። አለ። ሞቶም ያውቃል። ልጅዎ የያዘችው ሥራ ቀልድ አይደለም፣ ወታደርነቱም የውሸት አይደለም። ዱዓዎን እንደማንኛውም የዘማች እናት ያድርጉላት። ስትደውል ሦስት ነገር ይጠይቋት፦ የክፍልሽ ቁጥር ስንት ነው? የመጥሪያ ወሬ አለ? ውልሽ መቼ ያልቃል? ውሉ ብዙ ጊዜ በጠቅላላው 8 ዓመት ነው፤ የተወሰነው ግን በየወሩ መገኘት የሌለበት፣ ስም ብቻ የሚያዝበት ጊዜ ሊሆን ይችላል። የእሷን በትክክል የምታውቀው እሷ ናት።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ነኝ። ጅቡቲ መስመር ላይ 11 ዓመት ተሳቢ ነድቻለሁ። ስለ አሜሪካ ጦር ሳነብ አንድ ነገር አይገባኝም። ነዳጁን፣ ጭነቱን፣ ጥገናውን አብዛኛውን ለተጠባባቂ ነው የሰጡት አሉ። እኔ አንድ ረዳት ለማለማመድ ስድስት ወር ይፈጅብኛል። ያን የመሰለ ሀብታም አገር እንዴት ጀርባውን በወር ሁለት ቀን ለሚመጣ ሰው ይሰጣል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄህ የባለሙያ ጥያቄ ነው። መልሱ ደግሞ አንተው ውስጥ አለ። ሐረጎን ጭነህ ስትወርድ ማርሽ መቼ እንደሚቀነስ፣ ፍሬን መቼ እንደሚነካ ማን አስተማረህ? ሥራው ነው። የአሜሪካ ተጠባባቂ ሾፌር ብዙ ጊዜ በሥራ ቀንም ከባድ መኪና ነጂ ነው። መካኒኩም በሥራ ቀን ጋራዥ ውስጥ ነው። ጦሩ ዓመቱን ሙሉ ደመወዝ ሳይከፍል የ20 ዓመት ልምድ ያለው ሰው ያገኛል። ታንከኛ ግን በሰፈር አይገኝም። ታንክ እየነዳ እንጀራ የሚበላ ሲቪል የለም። ስለዚህ መተኮሱን በመደበኛው ጦር አቆዩት፣ ከመሸከሙ ትልቁን ድርሻ ለተጠባባቂው ሰጡት።

ይህ በአንድ ቀን አልመጣም። ተጠባባቂው የተጀመረው በሐኪሞች ነው። ሚያዝያ 15 ቀን 1900 (እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 23 ቀን 1908) አንድ ሕግ ወጣ፤ ጦርነት ሲመጣ የሚጠሩ ሐኪሞች ይመዝገቡ የሚል። መጀመሪያ 160 ያህል ሐኪም ነበሩ። ሐኪም ማለት ደግሞ በሰላም ጊዜ ጦሩ ብዙ የማይፈልገው፣ በጦርነት ጊዜ ግን የሚያጥረው ሰው ነው። ሐሳቡ ለሐኪም ከሠራ ለሌላውም ይሠራል ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1916 መኮንኖችና ተራ ወታደሮች ተጨመሩ፣ በ1920 ሙሉ ጦር ሆኖ ተደራጀ፣ በ1952 ደግሞ አርሚ ሪዘርቭ የሚለው ስም ወጣለት።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ከቬትናም በኋላ ነው። በቬትናም ጊዜ ፕሬዚዳንት ጆንሰን ተጠባባቂውን በብዛት አልጠራም። በግዳጅ የተመለመለውን ወጣት ነበር የሚያሰማራው። እ.ኤ.አ. በ1973 ግዳጁ ቀረ። ያኔ የጦሩ ኤታማዦር ሹም የነበረው ጄኔራል ክሬይተን ኤብራምስ ድጋፍ ሰጪውን ክፍል ወደ ተጠባባቂው አሸጋገረው። ገንዘብ ለመቆጠብ ነው የሚሉ አሉ። ሌሎች ደግሞ ወደፊት ማንም ፕሬዚዳንት ተጠባባቂውን ሳይጠራ፣ ማለትም የየከተማውን ቤት ሳያንኳኳ፣ ትልቅ ጦርነት እንዳይገባ ፈልጎ ነው ይላሉ። እኔ የሁለተኛውን ሰዎች አምናለሁ። ነዳጁና ውሃው በሰፈር ልጆች እጅ ከሆነ ጦርነት የሁሉም ቤት ወሬ ይሆናል፣ ግሪንስበርግ የደረሰውም ይኸው ነው። በባሕረ ሰላጤው ጦርነት 84,000 ያህል የአርሚ ሪዘርቭ ሰው ተጠርቷል።

ስሙ ደግሞ ተቀያይሯል። ድሮ ትራንስፖርቱ ለብቻው፣ ጥገናው ለብቻው፣ አቅርቦቱ ለብቻው ነበር። ለምሳሌ ፍሎሪዳ፣ ኦርላንዶ ያለው 143ኛው ትራንስፖርት ኮማንድ ነበር የሚባለው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ፣ ኢራቅና አፍጋኒስታን ላይ ሳሉ፣ ሁሉንም አንድ ላይ ጠቅልለው ሳስቴይንመንት አሉት። ኒው ኦርሊንስ አጠገብ ያለው 377ኛው ከትልልቆቹ ነው። ከፒትስበርግ አጠገብ ያለው 316ኛው እ.ኤ.አ. በ2007 ሄዶ ኢራቅ የነበረውን ጦር ስንቅ ከባላድ መርቷል። በ2011 ጦሩ ከኢራቅ ጠቅልሎ ሲወጣ ደግሞ የኢንዲያናፖሊሱ 310ኛ ነበር ዕቃውን እየቆጠረ ያስወጣው። መውጣት ከመግባት ይከብዳል፤ ቤት የለወጠ ሰው ያውቀዋል።

ጭነቱን እንዴት እንደሚለዩት ብነግርህ ደስ ይልሃል። ዕቃውን ሁሉ በ10 ቁጥር ከፍለውታል። 1 ምግብና ውሃ ነው፣ 2 ልብስና የግል መሣሪያ፣ 3 ነዳጅና ዘይት፣ 4 የግንባታ ዕቃ፣ 5 ጥይት፣ 6 ሳሙናና የመሳሰለው የግል ነገር፣ 7 ራሱ መኪናው ወይም ታንኩ፣ 8 መድኃኒት፣ 9 መለዋወጫ፣ 10 ለሲቪል እርዳታ የሚሆነው። «3 አለቀብኝ» ካለ ናፍጣ አምጡልኝ ማለቱ ነው። አንተ «9 ብቻ በሆነ ችግሬ» ትል ይሆናል፣ መለዋወጫ እንደ ወርቅ በሚፈለግበት አገር።

አባቴ የጦሩ ሾፌር ነበር፣ ውሃ ቦቴ ይነዳ ነበር። ትዝ የሚለኝ እጁ ነው። የቦቴው ቧንቧ መዝጊያ ፀሐይ ሲያገኘው ስለሚፋጅ ሁልጊዜ ቀኝ እጁ ላይ ጨርቅ ይጠመጥም ነበር። ወታደሩ ኮዳውን ይዞ ይሰለፋል፣ አባቴ ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ቤት ሲመጣ ያ መዳፍ ጠቁሮ ጠንክሮ ነበር። ግምጃ ቤት ሞዴል 22 ሳይፈረም ባዶ ጀሪካን እንኳ እንደማይወጣ ሲነግረን ይኮራበት ነበር። ሜዳልያ አልነበረውም፣ ከዘመቻ ፎቶዎቹም በአንዱ ላይ የለም። ሁሌ ከኋላ ነበራ።

ጥያቄ፦ ከሐይቅ። ናሽናል ጋርድና ሪዘርቭ አንድ ናቸው?

መልስ፦ አይደሉም። ናሽናል ጋርድ በሰላም ጊዜ በየስቴቱ አስተዳዳሪ ሥር ነው፣ ጎርፍና ሁከት ሲመጣ እሱ ሊያዘው ይችላል። አርሚ ሪዘርቭ ግን የፌዴራሉ ብቻ ነው። ናሽናል ጋርድ እግረኛም ታንከኛም አለው። ሪዘርቩ በብዛት ሐኪም፣ ሾፌር፣ ነዳጅ ቀጂ፣ ውሃ አጣሪ፣ መሐንዲስ ነው።

ጥያቄ፦ ወረኢሉ የታሪክ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ «እኛስ ተጠባባቂ ጦርና ስንቅ የሚያደራጅ ክፍል ነበረን ወይ?» ብለው ያዙኝ። ከአካባቢያችን ምሳሌ ቢሰጡኝ።

መልስ፦ መምህር፣ የቆሙበት መሬት ነው ምሳሌው! በ1888 መስከረም አጤ ምኒልክ የክተት አዋጅ ሲያስነግሩ የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ከትቶ እንዲጠብቃቸው ነው ያዘዙት። ከዚያ በፊትም ወረኢሉ የምኒልክ ጦር ሰፈር ነበረች። ያ ሁሉ ሰው በየቤቱ ገበሬ፣ ነጋዴ፣ ባለ ርስት ነበር። ሲጠራ ዘማች ሆነ። ይህ ተጠባባቂ ካልተባለ ምን ሊባል ነው? ልዩነቱ ስንቁ ላይ ነው። በሶውን፣ ዳቦ ቆሎውን፣ ቋንጣውን እያንዳንዱ ከቤቱ ይዞ ይመጣል። ጓዙን በቅሎና አህያ ይሸከማል። እህል የሚፈጨው፣ እንጨት የሚለቅመው፣ ውሃ የሚቀዳው አብሮ የዘመተው ሕዝብ ነው፣ አብዛኛው ሴት። ያለቀው ደግሞ በመንገድ ካለው ገበሬ ይሞላል። ገበሬው ላይ ሸክሙ ከባድ ነበር፣ ይህን ለተማሪዎች መደበቅ አያስፈልግም። በዚያ ላይ ክፉ ቀን ካለፈ ገና ጥቂት ዓመት ነው። ከብቱ በበሽታ አልቆ፣ በሬ ጠፍቶ፣ ወሎም ሌላውም አገር ተራቁቶ ነበር። ያን የመሰለ ጦር በዚያ ሁኔታ ከወረኢሉ ዓድዋ መድረሱ ራሱ ትልቅ ሥራ ነው። ዓድዋ ላይም ሁለቱም ወገን ስንቅ እያለቀበት ነበር። የጣልያኑን አዛዥ ባራቲየሪን ወደ ውጊያው ከገፉት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

ለማነጻጸሪያ መቅደላን ይጨምሩላቸው፣ እሷም የወሎ ናት። እንግሊዞች በ1860 ሲመጡ 13,000 ያህል ወታደር ነበራቸው። አብሯቸው የመጣው ሠራተኛ ከወታደሩ እጥፍ ያህል ነበር። እንስሳቱ 40,000 ይጠጋሉ፣ 44 ዝሆን ጭምር። ዙላ ላይ ወደብ ሠሩ፣ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ የባቡር ሐዲድ ዘረጉ። ንጹህ ውሃ ስላልነበረ የባሕሩን ውሃ በእንፋሎት እያጠለሉ ጠጡ። መጀመሪያ ላይ ይህ ሳይደራጅ ስንቱ በቅሎ በጥም አልቋል! ከዚያ 600 ኪሎ ሜትር በላይ ተራራ ለተራራ ተጉዘው ሚያዝያ 6 ቀን 1860 መቅደላን ያዙ። ውጊያው አጭር ነበር፣ መንገዱ ግን ወራት ፈጀ። አጤ ቴዎድሮስ በበኩላቸው 70 ኩንታል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ መንገዱን በራሳቸው እጅ ጭምር እየቆፈሩ፣ ከደብረ ታቦር በኩል በሽሎን ተሻግረው መቅደላ አወጡት። ያንን መድፍ ተማሪዎቹ ሄደው ሊያዩት ይችላሉ፣ ዛሬም እዚያው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። መቀሌ ላይ፣ በዚያው በ1888፣ ጣልያን እንዳ ኢየሱስ ላይ ምሽግ ሠርቶ ነበር። ወደ ምሽጉ ደጋግሞ መውጣት ሰው ከማስፈጀት በቀር ፋይዳ አልሰጠም። እቴጌ ጣይቱ ከምሽጉ ውጭ የነበረውን ምንጭ ያዙበት አሉ። ጦራቸው ምንጩን ያዘ። ምሽጉ ውስጥ ጥይት ነበር፣ ብስኩትም ነበር፣ ውሃ ግን አለቀ። ጥር ላይ እጅ ሰጡ።

የደሴዋ እናት፣ የልጅ ልጅዎ ይህንንም ካነበበችልዎ፣ ልጅዎ ስትደውል የመቀሌውን ምንጭ ይንገሯት። ክፍሏ ውስጥ ላሉት ፈረንጆችም ታውራላቸው።